የአጣጥ ሙግት

ባለፈው ክረምት ቢሾፍቱ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ሟቿ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አዴ» የሚላት፣ እኔም በልጅነቴ ከእናቴ ቤት ይልቅ የእሷን እንጀራ የበላሁላት ሴት ናት። የገደላት የጡት ነቀርሳ ነው። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው ካርታ የያዙት ካርታቸውን አስቀመጡና ወሬ ተጀመረ። ጡረታ የወጡ አንድ የአየር ኃይል ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፦

«የዚህ በሽታ መድኃኒት እኮ ከዚሁ ከእኛ አገር የተሰረቀ ነው! አጣጥ ነው፣ አጣጥ! ፈረንጅ ወስዶ በዶላር ይቸበችበዋል፤ ባለቤቶቹ እኛ እንሞታለን» አሉ።

ድንኳኑ በአንድ አፍ «እውነት ነው!» አለ። አንዱ «ኮምቦልቻ የምንለው እኮ እሱ ነው» ብሎ የኦሮምኛ ስሙን አከለበት። ሌላው እኔም በሬዲዮ ሰምቻለሁ አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም። አዴ ጡቷ ውስጥ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር በጣቷ ካገኘችበት ቀን አንስቶ ስምንት ወር ሙሉ የአጣጥ ሥር እየቀቀለች ስትጠጣ እንደኖረች፣ ሥሩን ያስያዛትም ይኸው «ፈረንጅ የሰረቀን መድኃኒት» የሚል ጨዋታ እንደሆነ ከልጇና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪም ዘንድ የሄደችው ሽምብራዋ ሎሚ ካከለች፣ ብብቷ ሥርም ሌሎች ከተበተኑ በኋላ ነው።

ለቅሶ ቤት ሙግት አይገባም። አሁን አርባዋ ወጥቷልና እሟገታለሁ።

አስቀድሜ ለጋሼ የሚገባቸውን ልስጣቸው። ነገሩ ጭራሽ ውሸት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሪቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከ1960 ጀምሮ ነቀርሳን የሚገድል ነገር ይገኝባቸው እንደሆነ ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት ያስለቅም ነበር። ለቃሚዎቹ ኢትዮጵያም መጡ። ከወሰዱት ውስጥ ከአጣጥ ወገን የሆነ አንድ ቁጥቋጦ ነበረበት። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ካፕቻን የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ጓደኞቻቸውን ይዘው ከዚያ ተክል እጅግ ኃይለኛ መርዝ ነጥለው አወጡ፤ በ1972 አሳተሙት፤ ከተክሉ የላቲን ስም ከማይቴነስ ወስደውም «ማይታንሲን» አሉት። ለሙከራ የሚሆን ብዙ ተክል ባስፈለገ ጊዜ ደግሞ ከኬንያ ሺምባ ኮረብቶች የአጣጥ ዘመድ የሆነ ሌላ ተክል ከ27 ሺህ ኪሎ በላይ ተለቅሞ ተጫነ። ለኢትዮጵያም ሆነ ለኬንያ ገበሬ «ይኸን የእናንተን ነገር ልንወስድ ነው» ያለ አልነበረም፤ እንዲል የሚያስገድድ ሕግም አልነበረም። የብዝሀ ሕይወት ስምምነት የተፈረመው በ1992፣ የእኛም አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ2006 ነው። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ረትተዋል።

ድንኳኑ የማያውቀው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ማይታንሲን መድኃኒት አልሆነም። በ1970ዎቹ ለታማሚዎች ተሰጠ፤ አንጀታቸውን አቃጠለው፣ ነርቫቸውን ጎዳው፣ ነቀርሳው ግን ያን ያህል አልተነቃነቀም። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ጣሉት። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሌባ ታይቶ ይታወቃል? የሰረቀውን ዕቃ ወስዶ፣ ሞክሮ፣ አልሆነውም ብሎ ለብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ የሚረሳ!

ሌላም አለ። በ1977 የጃፓን ተመራማሪዎች ያንኑ መርዝ የሚመስል ነገር ከአንድ ደቂቅ ተሕዋስ አገኙ። ዛሬ ለመድኃኒቱ የሚሆነው የሚመጣው ከዚያ ተሕዋስ ነው፤ እንደ ጠላ በጋን፣ ማለትም በትልቅ የብረት ጋን፣ ተጠንስሶ ይወጣል። ከአጣጥ አንዲት ቅጠል አይቀነጠስም። ይባስ ብሎ በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች በአንዳንድ የአጣጥ ዘመዶች ሥር ውስጥ እንኳ መርዙን የሚሠሩት ወይም በመሥራት የሚያግዙት እዚያ ያደሩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። «የእኛ ዛፍ» እያልን የምንምልበት ነገር ለዛፉም እንግዳ ሳይሆንበት አልቀረም።

ታዲያ የተጣለው መርዝ እንዴት ተነሥቶ መድኃኒት ሆነ? ሙግቴ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢዬ ትንሽ ይታገሠኝ።

መርዝ ሕዋስን መግደሉ አያስደንቅም። በረኪናም ይገድላል። የነቀርሳ ሕክምና ጭንቅ መርዙን ከደጅ ወደ ውስጥ ማድረስ ነው፤ ወደ ታመመው ሕዋስ ብቻ፣ በበቂ መጠን፣ ተመልሶም ሳይወጣ። ሕዋስ ደግሞ በሩን የከፈተ ቤት አይደለም። በስብ ቆዳ የታጠረ፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚሉ ፕሮቲኖች የቆሙበት ግቢ ነው። በ1976 በካናዳ ሩዶልፍ ጁሊያኖና ቪክቶር ሊንግ ከአይጥ ዘመድ ከሃምስተር የተወሰዱ ሕዋሳትን ኮልቺሲን የተባለ መርዝ ያለማመዱ ነበር። መርዙን የለመዱት ሕዋሳት ያልቀመሷቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም ናቁ። ሁለቱ ሰዎች በእነዚህ ሕዋሳት ቆዳ ላይ በሌሎቹ ዘንድ የማይታይ አንድ ትልቅ ፕሮቲን አገኙ፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲን አሉት። የኋላ ጥናት እንዳረጋገጠው ይህ ነገር ፓምፕ ነው፤ የሕዋሱን ጉልበት እየበላ የገባውን መድኃኒት አንጠልጥሎ ወደ ደጅ ይወረውራል። ከማዳጋስካር አበባ የሚወጣውን ቪንክሪስቲንን፣ ከአሜሪካ ዛፍ ልጥ የወጣውን ፓክሊታክሴልን፣ የእኛውን የማይታንሲንን ዘመዶችም ያውቃቸዋል። ሐኪም «በሽታው መድኃኒቱን ለመደው» ሲል ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ይህ አስወጪ ነው።

ይህ ፓምፕ ወንጀለኛ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ጤነኛውንም ገላ ይጠብቃል። በ1994 የታተመ አንድ የአምስተርዳም ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ይህ ፓምፕ የሌላቸውን አይጦች አረቡ። አይጦቹ ቅንቅን ወጣባቸውና አይቨርሜክቲን ተረጨላቸው፤ ቢሾፍቱ ያለ የእንስሳት ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው፣ ከበግ እስከ ግመል የምንሰጠው መድኃኒት። ፓምፕ ያላቸው አይጦች ምንም አልሆኑም። የሌላቸው ግን አለቁ፤ መድኃኒቱን ከአእምሯቸው የሚመልስ ዘበኛ አልነበራቸውምና። ቅንቅን ለማጥፋት የተደረገ ርጭት የአእምሮን ዘበኛ አስተዋወቀ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ግን ቀድሞ ለሚጠይቅ ሰው ነው።

ወደ አጣጥ እንመለስ። በአሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች የተጣለውን መርዝ አንሥተው «ብቻውን ከላክነው አገር ያጠፋል፤ ተሸካሚ እንስጠው» አሉ። ከጡት ነቀርሳዎች ከአምስቱ አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰው ሕዋሱ ቆዳ ላይ ኸር-2 የተባለ ፕሮቲን ከልክ በላይ ይከምራል። ያንን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ትራስቱዙማብ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ከማይታንሲን የተወለደውን መርዝ በዚያ ጀርባ ላይ አሠሩት፤ በአንዱ ተሸካሚ ላይ በአማካይ ሦስት ተኩል የመርዝ ቅንጣት። ተሸካሚው ኸር-2ን ሲይዝ ሕዋሱ እንደ ምግብ ይውጠዋል፤ ሆዱ ውስጥ ይፈጨዋል፤ መርዙ ይቀራል። ይኸም አይበቃም። መርዙ ከሕዋሱ ሆድ ወጥቶ ወደ ሥራ ቦታው ለመድረስ ሌላ በር ያስፈልገዋል። ያ በር ኤስኤልሲ46ኤ3 የሚል አሰልቺ ስም ያለው አሻጋሪ ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው በ2015 ነው። ይህ በር የተዘጋበት ሕዋስ መርዙን ውጦም ይኖራል።

መድኃኒቱ ካድሳይላ ተብሎ በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። በሽታው በተሠራጨባቸው 991 ታማሚዎች ላይ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው በነባሩ ሕክምና በመካከለኛ ቁጥር 25 ወር ሲሆን በዚህ ወደ 31 ወር ገደማ ደርሷል። ኋላም ገና ባልተሠራጨበት ጊዜ፣ ከቀዶ ጥገና በፊት የተሰጠው መድኃኒት ነቀርሳውን ጨርሶ ላላጠፋላቸው ሴቶች ሲሰጥ በሽታው የመመለሱን ወይም የመግደሉን አደጋ በግማሽ እንደቀነሰ በ2018 ተነገረ። ተአምር አይደለም። ግን እውነተኛ መድኃኒት ነው።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። ክብደቷ 60 ኪሎ ለሆነች ሴት የአንድ ጊዜ መጠኑ 216 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ውስጥ የአጣጡ ወገን የሆነው መርዝ 4 ሚሊግራም እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ የቀረው ተሸካሚ ነው። ለአንድ እጅ ጭነት ከሃምሳ እጅ በላይ አጋሰስ! ካፕቻን ደግሞ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል ያገኙት አንድ ሚሊግራም የማይሞላ ነበር። አዴ በጀበና የምትቀቅለው ሥር ከየትኛው አጣጥ እንደሆነ እንኳ የነገራት የለም፤ አጣጥ የምንለው አንድ ተክል አይደለም፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ራሳቸው ስሙን ስንት ጊዜ ቀያይረውታል። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፦ መርዙ በሻይዋ ውስጥ ካልነበረ ስምንት ወር የጠጣችው ውሃ ነው፤ ከነበረም የጠጣችው ያ ሐኪሞቹ ፈርተው የጣሉት ተሸካሚ አልባ መርዝ ነው። የእሷ ዕጢ ኸር-2 የሚበዛበት ዓይነት ይሁን አይሁን የመረመረላት አልነበረም፤ ስለዚህ ካድሳይላ ያድናት ነበር ብዬ አልዋሽም። ሽምብራ ሳለች በቢላዋ ብትወጣ ግን የተሻለ ዕድል እንደነበራት የማንኛውም ሐኪም ቃል ነው።

«ተሰረቅን» የሚለውን ጨዋታ የምጠላው ለዚህ ነው። ለፈረንጅ አዝኜ አይደለም። ጨዋታው መድኃኒቱን ቅጠሉ ውስጥ አስቀምጦ እኛን የመድኃኒቱ ባለቤቶች ያደርገናል፤ ባለቤት ደግሞ አይማርም፣ ዕቃውን ብቻ ይጠይቃል። የጎደለን ቅጠል ቢሆንማ ተራራው ሙሉ ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችንም የዚህ ጨዋታ ወንድም አለ፤ ኮትና ክራቫት አድርጓል እንጂ። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ አገላብጫለሁ! «በእገሌ ወረዳ ለእገሌ በሽታ የሚውሉ ዕፅዋት» ይላል፤ ቅጠሉ በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ጭማቂው በሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳት ይፈስሳል፣ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፣ ጽሑፉ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ይዘጋል። ያ ተጨማሪ ጥናት የማን ሥራ ነው? ገባ ወይ? በየት ገባ? ተመልሶ ወጣ ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያልጠየቀ ሰው ከአዴ ጀበና የሚለየው በጠርሙሱ ንጽሕና ብቻ ነው።

«አንተ ደግሞ! የሕዋስ በር የሚመረመረው በሀብታም አገር ነው፤ እኛ መች ደረስንበት» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ይህን የሚለኝ ሰው ቢሾፍቱ ይምጣ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቅ ለማየት፣ ሠርግ ለመደገስ ይመጣ የለ? ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከ1964 ጀምሮ እዚህ አለ። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ከአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት የመጣ ቬሮ የሚባል የሕዋስ ዘር በጠርሙስ እየቀለቡ፣ እያሞቁ፣ ከበካይ እየጠበቁ የከብትና የበግ ክትባት ያመርታሉ። ሕያው ሕዋስን ከገላ ውጭ አኑሮ ማሳደር፣ ማለትም የሊንግና የጁሊያኖ ሥራ ግማሹ ሙያ፣ በዚህች ከተማ የዕለት እንጀራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከ1979 ጀምሮ እዚህ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም እዚሁ ነው። የከብት ደስታ በሽታ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ሲታወጅ ከቢሾፍቱ ብዙ ሰው ደረቱን ቢነፋ የሚገባው ነበር።

ነቀርሳም ከእንስሳቱ ጋር አብሮ አለ። ውሾች በግንኙነት የሚተላለፍ አንድ ነቀርሳ አላቸው፤ ሕዋሱ ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ እየዘለለ ለሺህ ዓመታት የኖረ። የእንስሳት ሐኪም ቪንክሪስቲን በየሳምንቱ ይወጋለታል፣ አብዛኛው ይድናል፤ አልድን ያለው ሲገኝ ከሚጠረጠሩት አንዱ ይኸው አስወጪ ፓምፕ ነው። ገንዲስ ቢሆን? በጊቤ ሸለቆ ተውሳኩ መድኃኒት እንደለመደ ከታወቀ ዘመን የለውም። ከተውሳኩ ዘመዶች በአንዱ መድኃኒት የሚገባበት በር ሲበላሽ መድኃኒቱ ደጅ እንደሚቀር በ1999 ታይቷል። ጥያቄው አንድ ነው፤ በሬ ላይም፣ ውሻ ላይም፣ አዴ ላይም። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ቢሾፍቱ፣ የነቀርሳ ሐኪሙ ጥቁር አንበሳ ተቀምጦ፣ አንዱ የሌላውን ደጅ አይረግጥም። ክትባት አምራቾቹን አልወቅስም፤ የተሰጣቸው ሥራ ክትባት ነው፣ ያንንም ይሠራሉ። የምወቅሰው ሁለቱን ለማገናኘት ከአንድ የሚኒባስ መንገድ በላይ የማያስፈልገውን ነገር በጀት አጣ እያለ ዓመት የሚቆጥረውን ነው።

በራሱ ዓይን አይቶ የሚጠይቅ ሰውም አላጣንም። አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ሲያጥቡ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያ የሚያመላልሱት እነዚህ ናቸውና ጥያቄውን እዚያው አነሡ፣ ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም ዕድሜያቸውን ሰጡበት፤ በ1989 ሁለቱም በስዊድን ተሸለሙ። ስለ እንዶድ ብንሟገት የሚያምርብን ጥያቄው የእኛ ስለነበር ነው። በአጣጥ ላይ ግን የእኛ የነበረው ቁጥቋጦው ብቻ ነው።

ፍትሕ አትጠይቁ ማለቴ አይደለም። ካድሳይላ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ሲወጣ የወር ዋጋው 9,800 ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ ላይ መጮኽ ተገቢ ነው፤ ጩኸቱ ግን «ቅጠላችንን» ሳይሆን «መድኃኒቱን» ይበል። እኔን ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ ኖሮ በኪሎ ገንዘብ አልጠይቅም ነበር፤ ካፕቻን ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሁለት ኢትዮጵያውያን ወንበር እጠይቅ ነበር። ዛሬም አዋጁን ይዘው የሚደራደሩ ሰዎቻችን ከመቶኛው ስሌት በፊት ወንበሩን ቢቆጥሩ እላለሁ።

ከአርባው በኋላ ጋሼን ቤታቸው ሄጄ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ሻይው ስነግራቸው ዓይናቸውን ከእኔ አነሡ። ስለ ተሸካሚው ስነግራቸው ግን እንደ ባለሙያ ሰው ነቃ አሉ። «ገባኝ፤ ጭነት ብቻውን የትም አይደርስም። እኔ ሃያ ዓመት አውሮፕላን ሥር ተኝቻለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም፦ «ታዲያ ልጄ፣ አውሮፕላኑንም የሚሠሩት እኮ እነሱ ናቸው።»

«እርስዎ ግን ይጠግኑት ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም።

ስመለስ በአዴ ቤት አለፍኩ። ልጇ ቡና አፈላችልኝ። የተረፈው የአጣጥ ሥር በክር እንደታሰረ እስካሁን ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለምን አትጥይውም ብላት፣ ባለፈው ሳምንት ከታችኛው ሰፈር አንዲት ሴት ልትወስደው መጥታ እንደነበረ፣ እሷም እምቢ ማለት አፍሯት «ነገ ነይ» እንዳለቻት ነገረችኝ።